ሃሪኬን፣ ቶርኔዶ ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ? አሜሪካ ውስጥ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት

ሜሪላንድ ያለ ዘመድ "ወደ ቴክሳስ ብመጣስ?" ብሎ ሲደውል የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ የቤት ዋጋ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሃሪኬኑስ? እንዴት ነው የምትችሉት?" ሎስ አንጀለስ ያሉት ደግሞ ይብሳሉ። ራሳቸው መሬቱ መቼ እንደሚነቃነቅ በማይታወቅ ከተማ እየኖሩ ሂዩስተን ላለነው ያዝናሉ። እኛም "እነዚህ ሰዎች እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?" እንላለን። ዳላሶች በሁላችንም ይስቃሉ። የቶርኔዶ ሳይረን ሲጮህ ግን ልጅ አቅፈው ክሎዜት ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። ሁሉም የሰፈሩን አደጋ ለምዶ የሌላውን ይፈራል። ቤት ለሚገዛ ወይም ከተማ ለሚቀይር ሰው ግን ይህ መለኪያ አይሆነውም።

እኔ የማወዳድረው በአራት ጥያቄ ነው። አደጋው ምን ያህል ቀድሞ ይነግረኛል? ሲመጣ የት እሄዳለሁ? ካለፈ በኋላ ስንት ቀን ያለ መብራትና ያለ ሥራ እቀመጣለሁ? ለተበላሸው ማን ይከፍላል? ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ቀድሞ መነገር ብቻውን አይበቃም። የአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ መኪና፣ ትንሽ ቁጠባና ኦስቲን ውስጥ ዘመድ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። በሰዓት እየተከፈለው ለሚሠራና አለቃው "ነገ ካልገባህ ከነገ ወዲያም አትምጣ" ላለው ሰው ግን ያው አምስት ቀን የጭንቀት ቀን ነው። ስለዚህ "የትኛው ይከፋል?" የሚለውን ጥያቄ ትቼ፣ "የየትኛውን ማስጠንቀቂያ መጠቀም እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ።

ሃሪኬን፦ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣው

ሃሪኬን ከሞቃት ባሕር ተነስቶ ነፋስና ዝናብ ይዞ የሚመጣ ግዙፍ ማዕበል ነው። የአትላንቲክ የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21፤ ኅዳር ጽዮን ስትነግሥ ያበቃል ማለት ነው። ጫፉ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። ጳጉሜን 5፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሂዩስተን ውስጥ የበዓል ዶሮ የሚገዛ ሰው በአንድ ዓይኑ የአየር ትንበያ ቢያይ አይፈረድበትም። አይክ የተባለው ሃሪኬን ሂዩስተን አቅራቢያ ባሕር ዳር ያለችውን ጋልቬስተንን የመታው ሴፕቴምበር 13 ቀን 2008 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ወጥ ሳያልቅ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው።)

አንድ የሚገርም ዝምድናም አለን። በክረምት በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችና በዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሳው ነጎድጓዳማ ደመና ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ሞገድ ሊያስነሳ ይችላል። ሞገዱ ሳህልን አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ በኩል አትላንቲክ ይገባል። አብዛኛው እዚያው ይከስማል። ጥቂቱ ሞቃት ውሃ አግኝቶ ይጠነክራል። ከ1 እስከ 5 ባለው የነፋስ ደረጃ ካቴጎሪ 3 እና ከዚያ በላይ ከሚደርሱት የአትላንቲክ ሃሪኬኖች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከአፍሪካ ከሚወጡ ሞገዶች ነው። የእኛ ክረምት እዚህም አልለቀቀንም።

የሃሪኬን ትልቁ ጥሩ ጎን መምጣቱ መታወቁ ነው። በ1900 ጋልቬስተን ላይ 8,000 ያህል ሰው ሲያልቅ፣ ምን እየመጣባቸው እንደሆነ በቅጡ የነገራቸው አልነበረም። ዛሬ ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል ማዕበሉ ገና ባሕር ላይ እያለ የአምስት ቀን መንገዱን ካርታ ላይ ይስላል። ጠንካራው ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ሲቀረው "ዋች" (ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ)፣ 36 ሰዓት ሲቀረው "ዋርኒንግ" (እየመጣ ነው) ይወጣል። ካርታው ላይ የምታዩት እየሰፋ የሚሄድ ነጭ ቅርጽ የማዕበሉ መሃል ሊያልፍበት የሚችለውን መንገድ ነው የሚያሳየው፤ የጉዳቱን ስፋት አያሳይም። ከሦስት ጊዜ አንዴ ያህል መሃሉ ራሱ ከቅርጹ ይወጣል። "እኛ ሰፈር ከመስመሩ ውጭ ነው" ብሎ የተኛ ሰው ብዙ ነው።

ሌላው ወጥመድ ካቴጎሪው ነው። ቁጥሩ የሚለካው ነፋስን ብቻ ነው። ካቴጎሪ 1 በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ ካቴጎሪ 5 ደግሞ ከ252። ስለ ውሃ ምንም አይልም። ሰው የሚገድለው ግን በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ወይ ባሕሩ ገፍቶ ሲወጣ፣ ወይ ዝናቡ ጎርፍ ሲሆን። ሃርቪ በ2017 በካቴጎሪ 4 የገባው ሮክፖርት አጠገብ ነው፣ ከሂዩስተን ብዙ ርቆ። ሂዩስተን ጋ ሲደርስ የነፋሱ ጉልበት አልቆ ነበር። ዝናቡ ግን አልሄድም አለ። አንዳንድ ቦታ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ጋር የሚቀራረብ ዝናብ ነው፤ ያውም ሳምንት ባልሞላ ጊዜ።

ቤሪል ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችን። ጁላይ 8 ቀን 2024 ቴክሳስ ስትገባ ካቴጎሪ 1 ነበረች። "ካቴጎሪ 1 ምን አላት" ያለ ሰው በርካታ ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ። የብዙዎቻችን ለቀናት አልተመለሰም። ነፋሱ በጠዋት አልፎ ሄደ፤ ሙቀቱ ግን ቀረ። የሂዩስተን ጁላይ ያለ ኤሲ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳው ይሞቃል። ፍሪዘሩን ደግሞ አስቡት። ለጾም መፍቻ የተከተፈ ሥጋ፣ በየከረጢቱ የታጠፈ እንጀራ፣ ከአገር ቤት የመጣ የተነጠረ ቅቤ። በሩን እንከፍተዋለን አንከፍተውም የሚለው ክርክር ብቻውን ባልና ሚስት ያጣላል። አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ፦ ወቅቱ ሲጀምር ኩባያ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡና ፍሪዘር ውስጥ ተዉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሳንቲሙ ታች ወርዶ ካገኛችሁት፣ ሥጋው ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟልና ጣሉት። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ።

"ከባሕር ከራቅን ምን ችግር አለ?" ለሚሉ ደግሞ ሄሊንን ልጥቀስ። በሴፕቴምበር 2024 የገባችው በፍሎሪዳ ዳርቻ ነው። ከፍተኛ እልቂት ካደረሰችባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና ነው፣ አሽቪል አካባቢ፣ ተራራ ላይ። ወንዞቹ ሞሉ፣ ኮረብታው ተናደ። በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎፋ ላይ በጁላይ 2024 የሆነውን የመሬት ናዳ ላየ ሰው፣ ዝናብና ቁልቁለት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም።

ሽሽትም የራሱ አደጋ አለው። በ2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ካጠፋች ከሦስት ሳምንት በኋላ ሪታ ስትመጣ፣ የሂዩስተን አካባቢ ሕዝብ በፍርሃት ግልብጥ ብሎ ወጣ። መንገዱ ተዘጋ። ሰው መኪና ውስጥ በሙቀት ሞተ። አረጋውያንን የጫነ አውቶቡስ ዳላስ አቅራቢያ ተቃጥሎ 23 ሰው አለቀ። በዚያ ማዕበል ቴክሳስ ውስጥ ከሞቱት የሚበዙት በሽሽቱ የሞቱት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ከውሃ ሽሹ፣ ከነፋስ ተሸሸጉ። የመልቀቂያ ዞናችሁን ቀድማችሁ እወቁ። ቤታችሁ ዞን ውስጥ ከሌለና ጎርፍ የማይደርስበት ከሆነ፣ መንገዱን ለሚያስፈልጋቸው ተዉላቸው።

ዝግጅቱን በተመለከተ እኛ ሐበሾች ያልተነካ ሀብት አለን። ማዕበል ሊመጣ ሲል የሱፐርማርኬቱ የዳቦ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል። በሶ ግን ማንም አይሻማችሁም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፤ አይበላሹም፣ እሳት አይፈልጉም። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውሃ ያዙ። ገንዳውን ለሽንት ቤት ሙሉት። ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ፤ መብራት ከሌለ ካርድ ወረቀት ነው።

አሁን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ። ለቡናም ቢሆን። አገር ቤት ቤቱ በየቀዳዳው ይተነፍሳል፤ እዚህ መስኮቱ የታሸገ ነው። ጄኔሬተርም ጋራዥ ውስጥ አይነሳም፤ በሩ ቢከፈትም። በፌብሩዋሪ 2021 በረዶ ቴክሳስን ሲመታና መብራት ሲጠፋ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ከተጎዱት ውስጥ የእኛም ወገኖች አሉ። ጋዙ አይሸትም፣ አይታይም። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ርካሽ ነው። ግዙት።

ቶርኔዶ፦ ዳላስ፣ ጋርላንድና ሰፈሮቻቸው

ቶርኔዶ፣ ከደመና ወርዶ መሬት የሚነካው ሽክርክሪት ነፋስ፣ የሃሪኬን ግልባጭ ነው። ሃሪኬን ሰፊ ነው፣ ቀናት ይሰጣል፣ ከተማውን ሁሉ ይነካል። ቶርኔዶ ጠባብ ነው፣ ደቂቃዎች ይሰጣል፣ አንዱን ቤት ወስዶ ጎረቤቱን ይተወዋል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከሺህ በላይ ይመዘገባል፤ የሚበዛው ደካማ ነው። የእናንተ ቤት የመመታት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ይህንን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ ስሌቱ ስለሆነ ነው።

ወቅቱ ጸደይ ነው ይባላል፣ ከማርች እስከ ጁን። ግን ዲሴምበር 26 ቀን 2015፣ በፈረንጅ ገና ማግስት፣ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ጋርላንድንና ሮውሌትን ከባድ ቶርኔዶ መታ። 10 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ እየነዳችሁ ከሆነ ድልድይ ስር አትቁሙ፤ ሕንፃ ፈልጋችሁ ግቡ።

የቴክሳስ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በታች ያለ ክፍል (ቤዝመንት) የለውም። መሸሸጊያው ታችኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮት የሌለው መሃል ክፍል ነው። ሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ የምትከራዩ ከሆነ፣ ታች ያለውን ጎረቤት ቡና ጥሩት። ምክንያቱ ጉርብትና ብቻ አይደለም፤ አንድ ሌሊት በሩን ልታንኳኩበት ትችላላችሁ። "አምበር አለርት (የተጠለፈ ልጅ ማፈላለጊያው መልእክት) ረበሸኝ" ብላችሁ የስልካችሁን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሁሉ ያጠፋችሁም አብሩት። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናትና አባት አብረዋችሁ ካሉ፣ ያ ድምፅ ሲጮህ ምን ማድረግ እንዳለባቸው በደህናው ቀን በተግባር አሳዩዋቸው። ቤት ብቻቸውን ሲሆኑ ሊጮህ ይችላል።

በዳላስ የዕለት ተዕለቱ ጠላት ግን በረዶው ነው፤ ጣሪያና መኪና የሚቀጠቅጠው። ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ሎስ አንጀለስ፣ ኦክላንድ፣ ሲያትል

ይህኛው ጨርሶ ቀጠሮ የለውም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያለው ኖርዝሪጅ በጃንዋሪ 17 ቀን 1994 የተነቃነቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ መጠኑ 6.7። ኦክላንድ በ1989 ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ተደርምሶ 42 ሰው የሞተው ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት ነው። ሲያትል ደግሞ የካስኬዲያ ነገር አለባት፤ በ1700 መጠኑ 9 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ ያስነሳ የባሕር ስር ስንጥቅ ነው። አንድ ቀን ይደግማል። ነገ ይሁን ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ሦስቱ የምዕራብ ዳርቻ ግዛቶች ወደ ስልክ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ አላቸው። የሚሰጠው ጊዜ ሰከንዶች ነው። ጠረጴዛ ስር ለመግባት ይበቃል፤ ሌላ ለምንም።

እኛ ላይ አንድ የተለየ ችግር አያለሁ። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ አፋር ላይ፣ ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲነቃነቅ አዲስ አበባም ተሰምቷል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በደረጃ ወደ ውጭ ሮጠ። ብዙዎቻችን ያለን ትምህርት እሱ ነው፤ ሩጥ። ካሊፎርኒያ የሚመከረው ግን ተቃራኒው ነው። ዝቅ በሉ፣ ከጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ እግሩን ያዙ። ሮጠው ሲወጡ መስታወትና ጡብ የሚወርድባቸው ብዙ ናቸው።

ቤት ስትመርጡ ደግሞ ከታች መኪና ማቆሚያ፣ ከላይ አፓርታማ የሆነውን የቆየ የእንጨት ሕንፃ ተጠንቀቁ። ኖርዝሪጅ ውስጥ 16 ሰው የሞተው እንዲህ ባለ ሕንፃ ነው። ሎስ አንጀለስ ከ2015 ጀምሮ ባለቤቶች እንዲያጠናክሩት ታስገድዳለች። "ተጠናክሯል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሰደድ እሳቱም አለ። በጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ፓሊሳድስና አልታዲና ሲቃጠሉ ከ16,000 በላይ ሕንፃ ወደመ። እሳቱ የሚጠጋው ኮረብታና ቁጥቋጦ አጠገብ ያለውን ሰፈር ነው፤ ፌርፋክስ ላይ ያለው የሐበሻ ሰፈር መሃል ከተማ ነው፣ ወደዚያ የሚደርሰው ጭሱ ነው። ግን ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ በዲሴምበር 2021 መጨረሻ ከዴንቨር ብዙም ሳይርቅ ከ1,000 በላይ ቤት በጥቂት ሰዓት ተቃጥሏል፤ ተራ የከተማ ዳርቻ ሰፈር ነበር።

ማንም የማይፈራው

ላስ ቬጋስ ያሉ ጓደኞቼ "እኛ ጋ ምንም የለም" ይላሉ። ሃሪኬን የለም፣ ቶርኔዶ የለም። ሙቀት ግን አለ። በጁላይ 2024 ከተማዋ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሳ የራሷን ክብረ ወሰን ሰብራለች። ጎረቤቷ ፊኒክስ ያለችበት ማሪኮፓ ካውንቲ በ2023 ብቻ ከሙቀት ጋር የተያያዘ 645 ሞት መዝግቧል። ይህ ቁጥር ከብዙዎቹ ስማቸው ከሚጠራ ሃሪኬኖች ይበልጣል። ሙቀት ስም አይወጣለትም፣ ቴሌቪዥን ላይ ጣሪያ ሲገነጥል አይታይም። ለዚህ ይመስለኛል የማንፈራው። ታክሲ የሚነዳ፣ ዕቃ የሚያደርስ ሰው ይህንን ከቤት ኪራዩ እኩል ይቁጠረው።

ዲሲና አካባቢው? ከሁሉም ለስላሳው ነው። በ2011 የቨርጂኒያው መንቀጥቀጥ የዋሽንግተንን ሐውልት ሰነጠቀ። በ2012 ጁን መጨረሻ ድንገተኛ የነፋስ ማዕበል መብራት ለቀናት አጠፋ። በረዶም አለ። የምትከፍሉት ግን ዓመቱን ሙሉ በኪራይ ነው።

ማን ይከፍላል?

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይከፍልም። የመሬት መንቀጥቀጥም አይከፍልም። የተከራይ ኢንሹራንስም እንዲሁ። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። የፌዴራሉ ፕሮግራም ለቤቱ እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ከገዛችሁ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ሳይሞላ አይሠራም፤ ማዕበሉ ካርታ ላይ ከታየ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም።

ሃሪኬንና ጣሪያ የሚቀጠቅጥ በረዶ ባለበት አካባቢ ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከራሳችሁ የሚወጣው) ከቤቱ ግምት በመቶኛ ሊሰላ ይችላል። 2 በመቶ ትንሽ ይመስላል። 400,000 ዶላር ለተገመተ ቤት ግን 8,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው። የካሊፎርኒያ የመንቀጥቀጥ ኢንሹራንስ ደግሞ ዲዳክቲብሉ እስከ 25 በመቶ ሊሄድ ይችላል። ሰደድ እሳት በተራው ኢንሹራንስ ውስጥ ይካተታል፤ ችግሩ እሳት በሚያሰጋበት ሰፈር ውል የሚያድስላችሁ ኩባንያ ማግኘት ነው።

ታዲያ ማን የት ይኑር?

መኪና፣ የሁለት ሳምንት መጠባበቂያ ገንዘብና ሌላ ከተማ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሂዩስተንን አይፍራ። ሃሪኬን ለተዘጋጀ ሰው ጊዜ የሚሰጥ አደጋ ነው፤ ሌሎቹ ይህንን አይሰጡም። ኦክስጅን የሚጠቀም ወይም ኢንሱሊኑን ፍሪጅ የሚያስቀምጥ ወላጅ ካላችሁና ጄኔሬተር የመግዛት አቅም ከሌላችሁ ግን ሂዩስተንን አልመክርም። ነፋሱን ትችሉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ነው የሚከብደው።

በየዓመቱ ስድስት ወር ሙሉ ዜና እያየ የሚጨነቅ ሰው ምዕራብ ዳርቻ ይሻለዋል። እዚያ አንዴ ቁም ሳጥኑን ግድግዳ ላይ ታስሩታላችሁ፣ ውሃና ጫማ አልጋ ስር ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ኑሯችሁን ትኖራላችሁ። ቀን በቀን የሚያስጨንቅ ካርታ የለም። በተቃራኒው ድንገተኛ ነገር የሚያስደነግጠው፣ ነገር ግን ዝግጅት የሚወድ ሰው እንደ ሂዩስተን ያለው የባሕር ሰላጤ ዳርቻ ይስማማዋል። ዳላስ በመሃል ነው፤ ቤቱ የራሳችሁ ከሆነና መጠለያ ክፍል ማሠራት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ ላይኛው ፎቅ ተከራይ ለሆነ ትንሽ ያሳስባል።

ሂዩስተን ከወሰናችሁ ከፊርማ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። ቴክሳስ ውስጥ ሻጭም አከራይም ቤቱ የደረሰበትን ጎርፍ በተመለከተ የመግለጽ ግዴታ አለባቸው፤ ወረቀቱን ጠይቁ። ከዚያ ጎረቤት አንኳኩና "በሃርቪ ጊዜ ውሃው የት ደረሰ?" በሉ። ካርታው ላይ ዝቅተኛ ስጋት የተባለ ሰፈር ውስጥ ውሃ የገባባቸው ቤቶች ጥቂት አልነበሩም፤ ጎረቤት ደግሞ አይረሳም። ለጉብኝት የምትመጡም ከሆነ ኦገስት ውስጥ ኑ። አየሩ ደስ በሚልበት በኖቬምበር መጥቶ ቤት የገዛ ሰው ሂዩስተንን ገና አያውቃትም።